ግብሩም የራስህ፣ ሕክምናውም የራስህ፦ በወለጋ ከተሞች የግል ሠራተኛ ሲታመም ማን አለው?

ነቀምቴ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ አውቃለሁ። አንድ ሌሊት ትርፍ አንጀቱ ተነሥቶበት የግል ክሊኒክ ገብቶ ኦፕራሲዮን ሆነ። ዳነ፣ ተመስገን። ብሩ ግን አለቀ። ዕቁብ ደርሶት መለዋወጫ ሊገዛበት ያስቀመጠው ገንዘብ ነው በአንድ ሌሊት የሄደው። ብልህ ነኝ ብሎ ደረሰኞቹን አንድም ሳይጥል በፌስታል ሰበሰበ። ሐምሌ ሲገባ ግብር ሊከፍል ሄደና ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «ይሄ ይቀነስልኝ» አለ። ባለሙያዋ ደረሰኞቹን አገላብጣ አየች። «ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አለችው፤ «ግን ይሄ እዚህ አይሠራም።»

ሲነግረኝ ተናዶ ነበር፣ እኔም አብሬው ተናደድኩ። በኋላ አዋጁን ከፍቼ ሳነብ ግን ሴትዮዋ ትክክል ሆና አገኘኋት። ስህተቱ ያለው ከእሷ ጠረጴዛ በላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነጋዴ ከገቢው ላይ የሚቀንሰው ያንን ገቢ ለማግኘት የግድ ያወጣውን ወጪ ነው ይላል። የሱቅ ኪራይ፣ መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የዕቃ መግዣ ይቀነሳል። የግል ፍጆታ ግን አይቀነስም። የራስህ ምሳ፣ የራስህ ልብስ፣ የራስህ ትርፍ አንጀት በሕጉ ዓይን የግል ጉዳይህ ነው።

አሁን ይኸው አዋጅ ስለ ተቀጣሪ የሚለውን እንየው። አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ በሠራተኛው ላይ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር አይጣልበትም። ለአሠሪውም ቢሆን የሠራተኛ ወጪ ነው፤ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ ከትርፉ ይቀንሰዋል። እንግዲህ ያ ልጅ ረዳት ቀጥሮ ቢሆንና ትርፍ አንጀቱ የተነሣው የረዳቱ ቢሆን፣ ከዚያው ክሊኒክ የተቆረጠው ያው ደረሰኝ ዋጋ ይኖረው ነበር። የራሱ ሲሆን ግን ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ወረቀት ነው። ለምን ቢሉ፣ ሕጉ የተጻፈው ሰው ወይ ቀጣሪ ነው ወይ ተቀጣሪ ነው በሚል ሐሳብ ነው። በነቀምቴ ግን ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው ወጣት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አይደለም። ባጃጅ ይነዳል፣ ፀጉር ይቆርጣል፣ ቡና ታፈላለች፣ በቆሎ ከገበሬ ሰብስቦ ያስጭናል፣ ልብስ ትሰፋለች፣ ቪዲዮ ያቀናብራል። አለቃው ራሱ ነው፤ ሲታመም የሚጠይቀው አለቃ ግን የለውም።

ቅድም «መዝገብ የሚይዝ ከሆነ» ያልኩትን ልብ በሉ፤ ዋናው ነገር እዚያ ጋ ነው።

ለዓመታት በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በሻምቡም ያለው ትንሽ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ሲባል ኖሯል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ሰው መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር፤ ግብሩም በግምት ይጣልበታል። የቀን ገቢ ግምት ስንቱን እንዳስለቀሰ ለናንተ አልነግርም፤ ያላለቀሰ አባት ወይም አጎት ያለው ካለ እጁን ያውጣ። በሐምሌ 2009 በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች የተዘጉት በዚሁ ግምት የተነሣ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ደረጃ «ሐ»ን ከናካቴው አስቀርቶታል። በፌዴራሉ ሕግ አሁን ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ደረጃ «ለ» ነው። ግብሩ የሚሰላው በትርፉ ላይ ሳይሆን በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው፤ እንደ ሽያጩ መጠን ከ2 በመቶ ተነሥቶ እስከ 9 በመቶ ይደርሳል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ የግለሰብ ነጋዴን ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልሎች የተሰጠ ነው። ስለዚህ አንተን በየትኛው ስሌት እንደሚያስተናግዱህ ከምትከፍልበት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርብሃል፤ ቲክቶክ ላይ የሰማኸው የአዲስ አበባው ሊሆን ይችላል።

በሽያጭ ላይ የሚጣል ግብር አንድ ጥሩ ጎን አለው። ቀላል ነው፣ ክርክር ይቀንሳል፣ የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። ነገር ግን ወጪ የሚባል ነገር አያውቅም። ሽያጭህ 600 ሺህ ብር ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ ሆነህ ብትከርም፣ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተህ ብትወጣም፣ ከዚያ 600 ሺህ ላይ የሚቀነስ የለም። የሕክምናው ብቻ ሳይሆን የኪራዩም አይቀነስም። መቀነሻ ቦታው ራሱ ቅጹ ላይ የለም።

ለዚህ ነው «የጤና መድኅን ክፍያና የሕክምና ወጪ ከግብር ይቀነስልን» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ ደስ ቢለኝም ጠርጠር የማደርገው። ጥያቄው ትክክለኛ ይመስላል፣ ባለንበት ሥርዓት ግን ማንን እንደሚጠቅም እንየው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሆነ፣ መዝገብ የሚይዝ አንድ የቡና ነጋዴ አለ እንበል። የተጣራ ትርፉ 400 ሺህ ብር ነው። በማሻሻያው ስሌት ከ168 ሺህ ብር በላይ ያለው ትርፉ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ይህ ሰው ለራሱ ሕክምና 40 ሺህ ብር ቢያወጣና ይቀነስለት ቢባል፣ 14 ሺህ ብር ግብር ይተርፈዋል ማለት ነው። በዚያው ሰፈር ጀበና ይዛ የተቀመጠችው ሴት ለዚያው ሕመም ያንኑ 40 ሺህ ብታወጣ የሚተርፋት ዜሮ ነው፤ ግብሯ በሽያጭ ስለሚሰላ የምትቀንስበት መስመር የላትም። ገቢዋ ከግብር ነፃ ከሆነው ወለል በታች ከሆነም ያው ዜሮ ነው። ቅናሹ ትልቁን ይደግፍና ትንሹን ያልፈዋል። ቅናሽ አይኑር እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እሱ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን አለ? ግብሩን ለጊዜው እንተወውና ወደ መድኅኑ እንሂድ።

የማኅበራዊ ጤና መድኅን የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እያዋጡ፣ ጡረተኛውም ከአበሉ 1 በመቶ እየከፈለ የሚታከሙበት ሥርዓት ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ ከአሥር ዓመት በላይ ሲራዘም ኖረ። ለእኛ ግን ዋናው ነጥብ መራዘሙ አይደለም፤ ነገ ሙሉ በሙሉ ሥራ ቢጀምር እንኳ የባጃጅ ሹፌሩን አይመለከተውም። ደመወዝ የለውማ። ከምን ላይ 3 በመቶ ይቆረጣል?

ሁለተኛው የግል መድን ኩባንያዎች የሚሸጡት የሕክምና ዋስትና ነው። አለ፣ የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ለድርጅት ነው፤ ባንኩ፣ ኤንጂኦው፣ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ በጅምላ ይገዛል። አንድ ልብስ ሰፊ ብቻዋን ነቀምቴ ካለ ቅርንጫፍ ገብታ «ለእኔና ለልጄ» ብትል፣ አንደኛ ዋጋው ይከብዳታል፤ ሁለተኛ ውል ያላቸው ሆስፒታሎች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

የቀረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። ብዙ ወጣት «እሱ የገበሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እውነትም ሲጀመር የታሰበው ለገጠሩና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. ሙከራው በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከኦሮሚያ የተመረጡት ኩዩ፣ ጊምቢቹ፣ ሊሙ ኮሳና ደደር ነበሩ። ከወለጋ አንድም አልነበረም። ያኔ የኦሮሚያ መዋጮ ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ነበር። ዛሬ 15 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ መዋጮውም ባለበት አልቆመም፣ እንደየአካባቢውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይለያያል። ግን ልብ በሉ፣ «መደበኛ ደመወዝ የሌለው» ማለት አንተ ነህ። አንቺም ነሽ። በሕግ ደረጃ ለከተማው የግል ሠራተኛ የተከፈተ ሰፊ በር ይሄ ብቻ ነው።

አሠራሩን ዕድር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሁሉም በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል፣ ያልታመመው «ተመስገን» ብሎ ይሄዳል። መክፈል የማይችሉ ድሃ ቤተሰቦች ተለይተው መዋጯቸውን መንግሥት ይሸፍናል። የኦሮሞ ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ ቡሳ ጎኖፋ ብለው የቆየ ምሳሌውን ይነግሯችኋል፤ የተጎዳውን ወገን አዋጥቶ ማቆም በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ዕድር የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው።

በካርዱ ጤና ጣቢያ ሄደህ ትታከማለህ፤ ካስፈለገ በሪፈር ሆስፒታል ትሄዳለህ፣ ትተኛለህ፣ ኦፕራሲዮን ትሆናለህ። ያ የሞባይል ጠጋኝ ካርዱ ኖሮት በጤና ጣቢያ በኩል ወደ መንግሥት ሆስፒታል ቢሄድ የዕቁቡ ብር ኪሱ ይቀር ነበር። ነቀምቴ በዚህ በኩል ዕድለኛ ከተማ ናት፤ የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሁለቱም እዚያው ናቸው። ከጊምቢ የሚመጣ ሰው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርስባቸው፤ ከደምቢ ዶሎ የሚመጣውን እናንተ አስቡት።

አንድ ነገር በጎን ልበል። መውለድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ለእነዚህ ካርድ ያስፈልጋል ብሎ ከቤት የቀረ ሰው ካለ ንገሩት።

አሁን ወደሚያስከፋው እንምጣ፤ ጥሩውን ብቻ ነግሬ ብሸሽ እታዘባለሁ።

አንደኛ፣ ምዝገባው ወቅት አለው። በአብዛኛው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። ሐምሌ ላይ ሲያምህ «አሁን መዝግቡኝ» ብትል አይሆንም። ይሄ ክፋት አይደለም፤ አባቱ በሞተ ቀን ዕድር የሚገባ ሰው የለም፣ ሁሉም ሲታመም ብቻ ቢመዘገብ ሣጥኑ በሳምንት ይራቆታል። ግን ወቅቱ የተመረጠው በገበሬው ኪስ ነው። ገበሬው በታኅሣሥ እህሉን ሸጦ ብር ይይዛል። ባጃጅ ነጂው በታኅሣሥ ምን የተለየ ብር ይይዛል? እሱ በየቀኑ ነው የሚያገኘው፣ በየቀኑም ነው የሚያልቅበት። በአንድ ጊዜ የዓመት መዋጮ ክፈል ስትለው ለባለ ባጃጁ የሚያስገባው የቀን ገቢ ይመጣበታል፤ ቀጥሎ ጎማው፣ ቀጥሎ የቤት ኪራዩ። መድኅኑ ሁልጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አባልነቱ በቤተሰብ ነው። ሚስትና ልጆች ላሉት ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ርካሽ ነው። ብቻውን ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር የ23 ዓመት ልጅ ግን ግራ ነው። ገጠር ባለው የአባቱ ካርድ ላይ እንዳይታከም ዕድሜው አልፏል ይባላል ወይ ተጨማሪ ይጠየቅበታል፤ ብቻውን እንደ አንድ ቤተሰብ እንዳይመዘገብ ደግሞ የሚኖርበት ቀበሌ ነዋሪ መሆኑ ይጠየቃል። የነቀምቴን ወጣት እዩት፤ ግማሹ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከአርጆ፣ ከሆሮ ጉዱሩ የመጣ ነው። ሥራው እዚህ፣ መታወቂያው እዚያ። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማው የገቡት ደግሞ አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ወረቀቱ ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው አለ።

ሦስተኛ፣ ካርዱ የሚሠራው ውል ባለበት ተቋም ነው፤ ውሉም በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። ጤና ጣቢያውን ዘልለህ ያለ ሪፈር ቀጥታ ሆስፒታል ከገባህ ሙሉ ሽፋን አታገኝም። በምዕራብ ወለጋ ብዙ ሰው የሚታከምባቸው የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታሎች አሉ፤ የጊምቢው የአድቬንቲስትና የአይራው የመካነ ኢየሱስ ሆስፒታል ስማቸው ሩቅ ይሰማል። በአንተ ካርድ ይሠሩ እንደሆነ መዋጮውን ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ እንጂ ታመህ በር ላይ ደርሰህ አትጠይቅ። በወረዳህ ያለው ጤና ጣቢያ በግጭቱ ተዘርፎ ወይም ተዘግቶ ከነበረ ደግሞ ካርዱ የሚነግርህ መንገድና አንተ በእግርህ የምትሄደው መንገድ አይገናኙም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ አምቡላንስ ልጥራ ያለ ሰው ምን እንደገጠመው ከወለጋ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

አራተኛውና አባላትን በጣም የሚያበሳጨው መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ያይሃል፣ ምርመራው ይሠራልሃል፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ስትደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ትባላለህ። ከፍለህ ካርድ ይዘህ፣ እንደገና ከኪስህ። በዚህ ምክንያት በሁለተኛው ዓመት የማያድስ ሰው አለ፣ አልፈርድበትም። ግን ሒሳቡን ሳትሠራ አትውጣ፦ ከውጭ የገዛኸው መድኃኒት ቢያናድድህም የአልጋው፣ የኦፕራሲዮኑ፣ የላቦራቶሪው ሒሳብ ግን ያንተ አልሆነም።

አሁን ደግሞ የባጃጁን ነገር፤ ይሄ ለብቻው መነገር አለበት።

የማኅበረሰብ ጤና መድኅን የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመዋቢያ ቀዶ ጥገና፣ ውጭ አገር መታከም፣ ለረጅም ጊዜ የሚደረግ የኩላሊት እጥበት እና የመሳሰሉት። ከእነዚህ ጋር የሚጠቀሱ ሁለት ነገሮች አሉ፦ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትና የትራፊክ አደጋ። ምክንያቱ «ሌላ ሕግ ይሸፍናቸዋል» የሚል ነው። ለተቀጣሪ እውነት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ያስከፍላል። ለእግረኛውና ለተሳፋሪውም የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ አዋጅ 799/2005።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ከባኬ ጃማ ሲወርድ ዝናብ በጣለ ቀን ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ እንበል። ሌላ መኪና አልገጨውም፣ ራሱ ነው የተንሸራተተው። አሠሪ የለውም፤ ባጃጁን የሚነዳው የቀን ገቢ እያስገባ ነው እንጂ ደመወዝተኛ ሆኖ አይደለም፤ ስለዚህ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ የሚለው ሰው የለም። የሦስተኛ ወገን መድን ስሙ እንደሚለው ለሦስተኛ ወገን ነው፣ መሪውን ለያዘው አይደለም። የጤና መድኅኑ ካርድ ደግሞ «ይሄ የትራፊክ አደጋ ነው» ሊለው ይችላል። ሦስት ጃንጥላ ተዘርግቶ እሱ ሦስቱ የሚገናኙበት ክፍተት ላይ ቆሟል። ከሁሉም በላይ ለዚህ አደጋ የተጋለጠው ደግሞ እሱ ነው። የሞተር ሳይክል ነጂውም እንደዚያው። ማኅበር ያላችሁ የባጃጅ ልጆች፣ ለመስመር ምደባ የምትሰበሰቡትን ያህል ለዚህ አንድ ቀን ብትሰበሰቡ አይከፋም፤ የአደጋ መድን በማኅበር በጅምላ መግዛት አንድ ሰው ብቻውን ከሚገዛው ሌላ ነገር ነው። መድን ኩባንያዎች ሰፊ ስም ዝርዝር ይወዳሉ።

ሌላው ዓለምስ? ሚኒሶታ ያለ የአጎትህ ልጅ መኪና እየነዳ በራሱ የሚሠራ ከሆነ የጤና መድን ክፍያውን፣ ትርፍ እስካለው ድረስ፣ ከገቢው ላይ ቀንሶ ግብር ይከፍላል። የእሱ አገር ችግር የክፍያው መጠን ነው፤ ስታወሩ ጠይቁት፣ ራሱን ይይዝና ይነግራችኋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን ኬንያ ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀጣሪው ከደመወዙ 2.75 በመቶ ያዋጣል፤ በግሉ የሚሠራው ደግሞ የቤቱ አቅም ተጠንቶ ይወሰንበታል፣ ዝቅተኛው በወር 300 ሽልንግ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ መዋጮው ከግብር ተቀናሽ እንዲሆን ሕግ አወጡ። ሥርዓቱ ብዙ ጩኸት አለበት፤ በግሉ የሚሠራውን ሰው አቅም በስልክ መጠይቅ መለካት ሐሜት አላጣም፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ክፈል መባሉንም የቀን ሠራተኛው አልወደደውም። የሚያስቀናኝ አንድ ነገር ነው፦ የጀበና ቡና የምታፈላዋን ሴትና የባንክ ሠራተኛውን በአንድ ሕግ፣ በአንድ ቋት ውስጥ አስበዋቸዋል። እኛ ጋ ለተቀጣሪው አንድ አዋጅ፣ ለቀረው ሌላ ሥርዓት ነው፤ ሁለቱ ቋቶች አይተዋወቁም።

እንግዲህ እኔ ብጠየቅ የምለው ይሄ ነው። ቅናሽ ከሆነ ከገቢው ላይ ሳይሆን ከግብሩ ራሱ ላይ ይሁን። የዓመቱን የጤና መድኅን መዋጮ የከፈለ ደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ፣ የከፈለበትን ደረሰኝ ሲያሳይ ያንኑ ያህል ወይም ግማሹን ከግብሩ ላይ ይተዉለት። በሽያጭ ለሚሰላ ግብር መዝገብ አያስፈልገውም፣ ክርክርም የለውም፤ አንድ ደረሰኝ፣ አንድ መቀነስ። የቡና ነጋዴውና ቡና አፍይዋ እኩል ብር ይተርፋቸዋል። ክልሉ የሚያጣው ገቢ አለ፣ አልክድም። ግን ያ ሰው መድኅን ሳይኖረው ሲታመም ሱቁን ይዘጋል፤ የተዘጋ ሱቅ በሚቀጥለው ሐምሌ አይመጣም።

ሌላው የመክፈያ ጊዜው ነው። ለከተማ ነዋሪው ምዝገባው ከግብር ወቅት ጋር ቢገጥም፣ ወይም በየወሩ በቴሌብር ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ ቢሞላ ምን ይጎዳል? የዕቁብ ብር በስልክ የሚልክ ትውልድ መዋጮ ለመክፈል የአዝመራ ወር መጠበቅ የለበትም። የመታወቂያውም ነገር እንዲሁ፤ ነቀምቴ የሚሠራ የነጆ ልጅ ነቀምቴ ላይ ተመዝግቦ የከፈለበት ካርድ ጊምቢም፣ ሻምቡም እንዲሠራ ቋቱ ከወረዳ ከፍ ማለት ይኖርበታል። በወረዳ ታጥሮ ያለ ቋት አንድ ከባድ ሕመም ወይም አንድ ክፉ ዓመት ያደርቀዋል፤ በወለጋ ክፉ ዓመት ሲመጣ ደግሞ ገቢውም ሕመሙም በአንድ ወረዳ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው።

ይህ እስኪሆን ግን ያለው ያው በር ነው። ቀበሌ ሂዱና ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት፣ ለብቻው የሚኖር ሰው ስንት እንደሚከፍል፣ ካርዱ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚሠራ፣ የባጃጅ አደጋ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ወይም ከተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ሠራተኛ የቀጠራችሁ ካላችሁ ለልጁ ሕክምና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ያ ደረሰኝ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ዋጋ አለው።

የሞባይል ጠጋኙን ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። ታኅሣሥን እየጠበቀ ነው። መታወቂያው ግን የነጆ ነው፣ አባቱም እዚያ አባል ናቸው። «ኦቦ፣ አባቴ ቤት ብመዘገብ ይረክሳል ይሉኛል» አለኝ፤ «ግን ነጆ ሄጄ አልታመም። እዚህ ነኝ የምታመመው።» ከዚያ የአንዲት ደንበኛ ስልክ ስክሪን ሊቀይር ጎንበስ አለ።